እንሶስላ በጽድ ጥላ ሥር

ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 ለዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በ28 የደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደኖች 168 እንጨታማ ዝርያዎችን መዝግበዋል። ሥራው ለመስኩ መሠረት የጣለ ነው። ይሁንና ቆጠራው ከመነሻው በእንጨታማ ዕፀዋት የተወሰነ ስለ ነበር፣ እንደ እንሶስላ ያለ ለስላሳ ግንድ ያለው የጥላ ተክል በመዝገቡ ሊገኝ አይችልም። ይህን የአንድ ጥናት ወሰን ተከታዮቹ ተመራማሪዎች የደኑ ወሰን አድርገው ሊወስዱት አይገባም።

እንሶስላ እርጥብና ጥላማ ቦታ የሚወድ አገር በቀል ተክል ነው። ፈረንሳዊው የዕፀዋት ሊቅ አሺል ሪሻር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ኢምፓሺየንስ ቲንክቶሪያ ብሎ ሰየመው፤ ሁለተኛው ቃል በላቲን «የማቅለሚያ» ማለት ነው። ሴቶች ለሠርግና ለዓመት በዓል ወፍራም ሥሩን ወቅጠው እጅና እግራቸውን ያቀሉበታልና ስያሜው ትክክል ነው፤ አበባውን ግን ዘንግቶታል። ነጭ ሆኖ ጉሮሮው ሐምራዊ የሆነው ይህ አበባ መዓዛው የሚበረታው ሲመሽ ነው። በእንግሊዝ አገር አትክልተኞች ሥሩን ከውርጭ በጉዝጓዝ እየሸፈኑ ለአበባው ብቻ ያሳድጉታል።

ለላሊበላ ዋናው ቁም ነገር ውኃ ነው። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ዝናቧም በአብዛኛው የክረምት ነው። ከውጭ የመጡ የጓሮ አበቦች በጋውን ሙሉ ውኃ ሲጠይቁ፣ የእንሶስላ ግንድ ይደርቅና ሥሩ ከመሬት በታች ክረምትን ይጠብቃል። ስለዚህ በጽድ ወይም በወይራ ሥር፣ ብስባሽ በበዛበት አፈር ቢተከል ለከተማዋ ጓሮዎች የተሻለ ምርጫ ነው። እርጥበቱን የሚመጥጠው ባሕር ዛፍ ግን ጥላው አይበጅም።

የተክሉ ፍላጎት ቢጨምር ሰዎች የደብር ደን መማስ ይጀምራሉ የሚል ስጋት ሊነሣ ይችላል። ስጋቱ ቀላል አይደለም፤ ሥሩ ሙሉ በሙሉ የተነቀለ ተክል አይመለስም። በመሆኑም ከደን የሚወሰደው በደብሩ ፈቃድ የተለቀመ ዘር ብቻ፣ ለሥር ተከላ የሚውለውም ከጓሮ የተገኘው ብቻ መሆን ይኖርበታል። የደረሰው ፍሬ ሲነካ ፈንድቶ ዘሩን ስለሚበትን፣ አስቀድሞ በስስ ጨርቅ መሸፈን ያሻል። በይምርሐነ ክርስቶስ ዙሪያ እንዳለው ባለ የጽድ ደን ደግሞ፣ ዘር ከመልቀም በፊት ከዛፎቹ ሥር ያለው ሁሉ ይመዝገብ። በጓሮ ያደገው ሥር እንደ ዱሩ ያቀላል ወይ? ምን ያህል ጥላስ ይበቃዋል? ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ የሚሆን፣ በሁለት ክረምት የሚፈተን ጥያቄ ነው።