የሩጫ ፍጥነት በትዕግሥት ይገኛል

በማናቸውም ሥራ የሚፈለገው ፍሬ ከመታየቱ አስቀድሞ የማይታይ ድካም እንዳለ የታወቀ ነው። ገበሬ ዛሬ ዘርቶ ነገ አያጭድም፤ ተማሪም ፊደል በቈጠረ በማግሥቱ ዳዊት አይደግምም። ሆኖም በዚህ ዘመን ስለ ጤናቸው አስበው ሩጫ የጀመሩ ብዙ ሰዎች፥ ይልቁንም ግማሽ ማራቶን የሚባለውን 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ተኩል ሮጠው ሰዓታቸውን ለማሻሻል የሚመኙት፥ ይህን የታወቀ ነገር ሲዘነጉት እናያለን።

በመሥሪያ ቤት ተቀምጦ የሚውል አንድ ወዳጃችን ይህን ርቀት በ2 ሰዓት ይጨርስ ነበር። ከዚህም ላይ 10 ደቂቃ ለመቀነስ አስቦ በየማለዳው እስከ ዐቅሙ መጨረሻ እየሮጠ፥ ከትናንቱ ዛሬ ቢዘገይም በራሱ እየተቈጣ አንድ ዓመት ሙሉ ደከመ። በመጨረሻ ያተረፈው የጕልበት ሕመም ነው፤ ሰዓቱ ግን እንደ ነበረ ቀረ። ይህ ሰው ትጋት አልጐደለውም፤ የጐደለው ሥርዓት ነው። 10 ደቂቃ ጥቂት ትመስላለች፤ ነገር ግን ሲያሰሉት አንዱን ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ ከ41 ሴኮንድ ይሮጥ የነበረው ሰው በ5 ደቂቃ ከ13 ሴኮንድ ሊሮጥ፥ እርሱንም ያለማቋረጥ 21 ጊዜ ሊደጋግም ግድ ነው። ይህን የሚያህል ለውጥ ልብና ሳንባ፥ ጅማትና አጥንት ቀስ በቀስ ሲለምዱት ይመጣል እንጂ በቍጣ አይመጣም።

ነገሩም እንዲህ ነው። ሰው በዝግታ ለረዥም ጊዜ ሲሮጥ ልቡ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ይበዛል፤ በሥጋው ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበራከታሉ፤ ሥጋውም ከአየር የሚያገኘውን ኦክሲጅን በሚገባ መጠቀም ይማራል። ጅማትና አጥንት ግን ከልብና ከሳንባ ይልቅ ዘግይተው ይጠነክራሉ። ስለዚህ ትንፋሹ የተስተካከለለት ሯጭ እግሩ ሳይዘጋጅ ቢጣደፍ ይጐዳል። በሳምንት አምስት ቀን የሚሮጥ ሰው ሦስቱን ቀን ከባልንጀራው ጋራ ሳያለከልክ ሊነጋገር በሚችልበት ርምጃ ይሩጥ። በአራተኛው ቀን ጥቂት ቃል ብቻ ለመናገር በሚያስችል ፍጥነት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይሩጥ። በአምስተኛው ቀን ደግሞ ከ10 ኪሎ ሜትር ጀምሮ በየሳምንቱ ጥቂት እየጨመረ እስከ 18 ኪሎ ሜትር ድረስ በዝግታ ይሂድ። የሳምንቱ ድምር ካለፈው ሳምንት ከዐሥር አንድ እጅ የበለጠ ባይጨምር ይሻላል፤ በየአራተኛውም ሳምንት ያሳርፈው። ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሩጫውን መቀነስ ይገባል፤ የተዘራው ኀይል በዕረፍት ይበስላልና።

ምናልባት፦ ፈጣን ለመሆን በፍጥነት መሮጥ አይደለምን? የሚለን ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ የፍጥነት ቀን ያስፈልጋል። ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ምሥጢሩን ያውቀዋል። ተማሪ ግዕዙን ሳያጠና ወደ ውርድ ንባብ፥ ውርዱን ሳያጠና ወደ ቁም ንባብ ቢዘልል፥ አፉ ይፈጥናል፤ ንባቡ ግን ይበላሻል። የኔታም ወደ ኋላ መልሰው ከፊደል ያስጀምሩታል። በዝግታ የሚሮጡበት ቀን የሯጭ ግዕዝ ነው።

ለተሰንበት ግደይ ጥቅምት 14 ቀን 2014 ዓ.ም. በስፔን አገር በቫሌንሲያ ከተማ የመጀመሪያዋን የግማሽ ማራቶን ውድድር ሮጣ፥ በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሴኮንድ በመጨረስ የዓለምን ክብረ ወሰን በያዘች ጊዜ፥ ነገሩ ድንገተኛ የመሰላቸው ነበሩ። ነገር ግን በ2013 ዓ.ም. በመስከረም የ5,000 ሜትርን፥ በሰኔም የ10,000 ሜትርን ክብረ ወሰን አስቀድማ ሰብራ ነበር። የዚያች ማለዳ አንድ ሰዓት የብዙ ዓመት ልምምድ መከር እንደ ነበረች ከዚህ ይታወቃል።

ያገራችንንም ጠባይ ማስተዋል ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለ ተቀመጠች አየሯ ስስ ነው። ስለዚህ በቈላ ከተማ የተሮጠውን ሰዓት በእንጦጦ ዳገት ከሚሮጠው ጋራ አስተያይቶ ማዘን አይገባም። የሚጾምም ሰው በዐቢይ ጾም አዲስ ሰዓት ባይፈልግ መልካም ነው። በዚያ ወራት የዝግታውን ሩጫ ይያዝ፤ ፈጠን ያለውንም ልምምድ ምግብ ወደሚቀምስበት ሰዓት ያቅርበው፤ በማዕዱም ምስርና ባቄላ አይታጣ። ዕድሜው ከአርባ ያለፈና ብዙ ዘመን ተቀምጦ የኖረ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ሐኪም ይመርምረው።

እንግዲህ ይህን የምንጽፈው ሰዓት ለመቈጠብ ብቻ አይደለም። በችኰላ የተጐዳ ሰው ሩጫውን ይተወዋል፤ ሲተወውም ወደ ወንበሩ ተመልሶ በደም ብዛትና በስኳር በሽታ እጅ የመውደቁ ነገር ያሰጋል። የመሥሪያ ቤት አለቆች ሠራተኞቻቸው ማለዳ የሚሮጡበት ሜዳና ከመኪና የተጠበቀ መንገድ እንዲገኝ ቢያስቡ፥ ድካማቸው በሥራው ትጋት ይከፈላቸዋል። ካህናትም የሥጋን ልምምድ እንደ ከንቱ ነገር ሳይቈጥሩ፥ ለሚጾመው ወጣት ሯጭ የጾሙንና የድካሙን ልክ ቢመክሩት ከጕዳት ያድኑታል። ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ሩጫን ምሳሌ ማድረጉን አልናቀም።

ወዳጃችን ጕልበቱ ከተሻለው በኋላ እንደ ገና ጀምሯል። ዛሬ ሰዓቱን በኪሱ ይዞ ከባልንጀራው ጋራ እየተጫወተ ይሮጣል። 10 ደቂቃዋን ገና አላገኛትም፤ ነገር ግን ሦስት ወር ሙሉ ሳይታመም ሮጧል። ይህም የመጀመሪያው ትርፍ ነው።