ከደባርቅ ወዲያ፣ የመኪናዎ ሆድ

ጥር 11ን ጎንደር አክብረው፣ በማግስቱ ሚካኤልን ሸኝተው፣ «እዚህ ድረስ መጥተን የሰሜን ተራሮችን ሳናይ አንመለስም» የሚል ቤተሰብ ብዙ ነው። ልጆች ጭላዳ ለማየት ይቸኩላሉ፤ እናት ብርድ ልብስ ትጨምራለች፤ አባት ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ «መኪናው ደህና ነው» ይላል። ጎንበስ ብሎ ከስር የሚያይ ግን ጥቂት ነው።

እስከ ደባርቅ ድረስ ምንም አይደል። በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል የሚያልፈው ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ አስፋልት ነው። ደባርቅ ላይ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ገብተው፣ መግቢያውን ከፍለው፣ ስካውቱን ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠው ሲወጡ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ሳንካበር ከ3,200 ሜትር፣ ጨነቅ ደግሞ ከ3,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ ክረምቱ የቦረቦረው ቦይና ከመሬት ብቅ ያለ ድንጋይ አያጣም። ከባድ መኪኖች የረገጡት መስመር ግራና ቀኙን ሲጎደጉድ መሃሉ እንደ በሬ ጀርባ ጎብጦ ይቀራል። የመኪናዎን ሆድ የሚያገኘው ያ ጀርባ ነው።

ከስር ያለው ምንድን ነው? ከፊት ራዲያተሩ፣ ቀጥሎ የሞተር ዘይት የሚጠራቀምበት ኮፓ፣ ከዚያ ካምቢዮው፣ ወደ ኋላ ደግሞ የነዳጅ ሰልባትዮ። ከሁሉም የሚያሳስበው ኮፓው ነው፤ ከስስ ብረት ወይም ከአሉሚኒየም ስለሚሠራ አንድ ሹል ድንጋይ ይበቃዋል። ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ብረት ከብረት እየተፋጨ ይበላሻል። ስለዚህ ቀይዋ የዘይት መብራት ከበራች «ካምፑ ጋ ልድረስ» ማለት የለም፤ እዚያው ሞተር ማጥፋት ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በዚያ ከፍታ ያለውን ብርድ ከሁለት ሕፃናት ጋር መኪና ውስጥ ተቀምጦ መጠበቅን ያስቡት። ቦታው ስሙም ጨነቅ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት መኪናዎ ምን እንደለበሰ ይዩ። ላንድክሩዘርና ሃይሉክስ አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ ከፊት አንድ ላሜራ ይዘው ይመጣሉ፤ እሱም ቢሆን ስስ ነው፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ «ለዘይት ቅየራ አስቸገረ» ተብሎ ተፈቶ ጋራዥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ራቭ ፎርና ቱሳንን በመሳሰሉት ላይ ከስር የሚያዩት ጥቁር ፕላስቲክ ደግሞ ለንፋስና ለጭቃ እንጂ ለድንጋይ የተሠራ አይደለም። ብዙ ሰው በሱ ይተማመናል።

ምርጫው በብረትና በአሉሚኒየም መካከል ነው። ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ የ3 ሚሊ ሜትር ብረት ወደ 11 ኪሎ ይመዝናል፤ በዚያው ስፋት የ6 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም 8 ኪሎ እንኳ አይሞላም። አሉሚኒየም ይቀላል፣ አይዝግም፤ ነገር ግን ለስላሳ ስለሆነ ድንጋዩ ይነክሰዋል፣ ዋጋውም ይወደዳል። ብረት ድንጋይ ላይ ተንሸራትቶ ያልፋል፤ ቢጎብጥም በመዶሻ ይቃናል፣ ቢሰነጠቅም የትኛውም ከተማ ያለ በያጅ ይጠግነዋል። ለኛ አገር መንገድ እኔ ብረት እመርጣለሁ። ሦስት ሚሊ ለቤተሰብ ጉዞ ይበቃል። «አምስት ይሁንልዎ» የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎ ክብደቱን የሚሸከሙት የፊት ሞላዎችዎ መሆናቸውን ያስታውሱት።

ከላሜራው ይልቅ የሚያስቸግረው አገጣጠሙ ነው። የመጀመሪያዬን ያሠራሁ ጊዜ ባለሙያው አንዱን ጫፍ ከሻንሲው፣ ሌላውን ከካምቢዮው ጋር አሰረልኝ። ሞተርና ካምቢዮ በጎማ ትራስ ላይ ተቀምጠው የሚወዛወዙ፣ ሻንሲ ደግሞ የማይነቃነቅ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ያሰረ ላሜራ መኪናውን እንደ ወፍጮ ቤት ያስጮኸዋል፣ ብሎኑንም ይሰብራል። መታሰር ያለበት በሁለቱም ወገን ከሻንሲው ወይም ሻንሲውን አቋርጦ ከሚያልፈው ብረት ጋር ብቻ ነው። የፋብሪካው ቀዳዳዎች ካሉ በእነሱ ይጠቀሙ፤ ሻንሲን እንደ ዘፈቀደ መብሳትም መበየድም ያዳክመዋል። መኪናው ላይ መበየድ ግድ ከሆነ አስቀድሞ የባትሪው ገመድ ይፈታ፤ አለዚያ የኮምፒውተር ዕቃውን ሊያቃጥለው ይችላል።

በኮፓውና በላሜራው መካከል ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተው። የተጣበቀ ላሜራ ምቱን በቀጥታ ለኮፓው ያቀብላል፤ እንደሌለ ይቁጠሩት። የፊት ጠርዙ ወደ ላይ የታጠፈ ይሁን፣ ካለበለዚያ ድንጋይ እንደ ማረሻ ይይዘዋል። ሁለት ላሜራ ከሆነ የፊተኛው ጫፍ ከኋለኛው በታች ይደረብ። የብሎኑ ራስ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይቀመጥ፤ ወደ ታች ያፈጠጠ ብሎን በመጀመሪያው ድንጋይ ይላጫል፣ ከዚያ ላሜራውን ለመፍታት መቁረጥ ሊኖርብዎ ነው። ጥንካሬው 8.8 የሚል ቁጥር ራሱ ላይ የተጻፈበትን ብሎን ይጠይቁ። ለዘይት ማፍሰሻና ለፊልትሮ ቀዳዳ፣ ለአየርና ለውሃም ትንንሽ መውጫዎች ይኑሩት። ከማርሚታው ደግሞ ይራቅ።

ሲገጠም ማንም ሰው በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ስር እንዳይገባ። ይህን በየጋራዡ አያለሁ፣ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል። ማቆሚያ ከሌላቸው ሌላ ጋራዥ ይሂዱ።

ከመቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ብሎኖቹን ዳግም ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ ከጎንደር የተነሳ ሰው ደባርቅ ላይ ቡና ሲጠጣ ሊያስጠብቀው ይችላል። ሲመለሱ ከላይ የተጠራቀመውን ጭቃና ደረቅ ሣር ያስጠርጉ። ሣሩ በሞተሩ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል፤ ጭቃው ደግሞ እርጥበት ይዞ ያዝጋል።

አንድ ነገር ላሜራው አያደርግም። ሙሉ አክስል ባላቸው እንደ አሮጌው ላንድክሩዘር ባሉ መኪኖች ላይ ከሁሉ ዝቅ የሚለው ዲፈረንሻሉ ነው፤ እሱ ከጎማው ጋር ስለሚወጣና ስለሚወርድ ከሻንሲ ጋር የታሰረ ላሜራ አይጋርደውም። እዚያ የሚያድነው ሹፌሩ ነው፤ ጎማውን ጉድጓዱ ውስጥ ሳይሆን ጉብታው ላይ አስረግጦ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ እንደ ሰው እርምጃ መሄድ።

ትንሽ የከተማ መኪና ላላችሁ ደግሞ ምክሬ ሌላ ነው። የላሜራው ክብደት ራሱ ዝቅ ያለውን መኪና የባሰ ዝቅ ያደርገዋል። መንገዱ ሰላም መሆኑን ጎንደር ላይ አጣርታችሁ፣ መኪናውን ደባርቅ ሆቴል ግቢ አቁማችሁ፣ መንገዱን ከሚያውቅ ሹፌር ጋር ላንድክሩዘር ተከራዩ። ወጪውን ለአራት ለአምስት ሰው ስታካፍሉት ከአንድ ኮፓና ከመኪና መጎተቻ ዋጋ ጋር አወዳድሩት።