የ31 ሚሊዮኑ ሰዓት የእናንተን ቡና ዋጋ አይናገርም

ዛሬ የኒውዮርክን ዋጋ ትቼ ስለ አንድ የእጅ ሰዓት ልጽፍ ነው። «ሰዓት ከቡና ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ትንሽ ታገሱኝ፤ ነገሩ መጨረሻው መጋዘናችሁ ውስጥ ነው።

ሰዓቱ የፓቴክ ፊሊፕ ሥራ ነው፤ ሞዴሉ ግራንድማስተር ቻይም ይባላል። ጥቅምት 29 ቀን 2012 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኖቬምበር 9 ቀን 2019) ጄኔቫ ላይ በክሪስቲስ ጨረታ በ31 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ተሸጠ። ከጨረታው በፊት የወጣው ግምት ከ2.5 እስከ 3 ሚሊዮን ነበር። ከአሥር እጥፍ በላይ ዘለለ ማለት ነው።

መቼም ተራ ሰዓት አይደለም። የውስጡ ማሽን ብቻ 1,366 ክፍል አለው። ባትሪ የለውም፤ ተጠምዝዞ በሚሞላ ስፕሪንግ ነው የሚሄደው። ሁለት ፊት አለው፣ ይገለበጣል፣ 20 ዓይነት ተጨማሪ ሥራ ይሠራል። ስታዙት ሰዓቱን በትናንሽ መዶሻዎች ይደውልላችኋል። በእኛ ቀን 6 ሰዓት ከ40 ላይ ብታዙት፣ እሱ በፈረንጅ ነውና በወፍራም ድምፅ 12 ጊዜ ይመታል፣ ከዚያ ለሁለቱ ሩብ ሰዓት ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ለቀሪዋ ደቂቃ በቀጭኑ 10 ጊዜ። የካቲታቸው 28 ይሁን 29 ራሱ ያውቃል። ጳጉሜን ግን አያውቅም!

ይሄ ሁሉ ጥበብ ግን 31 ሚሊዮኑን አያስረዳም። ያው ጥበብ ያላቸው የዚሁ ሞዴል ሰዓቶች ከወርቅ ተሠርተው በጣም ባነሰ ዋጋ ተሸጠዋል። ይሄኛው ከማይዝግ ብረት ነው! ብረት ከወርቅ በለጠ? አይደለም። በዚህ ሞዴል ከብረት የተሠራው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው፤ ፊቱ ላይም «ብቸኛው» የሚል በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል። በዚያ ላይ ጨረታው ኦንሊ ዎች የሚባለው የበጎ አድራጎት ጨረታ ነው፤ ገንዘቡ ዱሼን ለሚባለው የሕፃናት ጡንቻ አድካሚ በሽታ ምርምር ይውላል። ዋጋው ውስጥ ልግስናም አለበት። በማግስቱ የሌሎቹ ፓቴክ ሰዓቶች ዋጋ በአሥር ተባዝቶ አላደረም።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። በዚያው 2012 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ በመጀመሪያው የኢትዮጵያ ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና በፓውንድ 185.10 ዶላር ተሸጠ። በኪሎ ከ400 ዶላር በላይ ነው። ሁላችንም ጨፈርን። ዜናውን ለምሠራላቸው ደንበኞች ሁሉ ፎርዋርድ ካደረጉት አንዱ እኔ ነበርኩ።

ከደንበኞቼ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ፤ የራሳቸው ማጠቢያ ያላቸው፣ ጥሩ የታጠበ ቡና የያዙ። ገዢ ነበረን፣ ዋጋውም ከኒውዮርኩ በላይ ደህና ጭማሪ ነበረው። «አንተ ልጅ፣ የእኔም ቡና ከዚያው ሲዳማ ነው፤ በዚህ ዋጋማ አልሸጥም» አሉኝ። እዚህ ጋ ነበር መናገር የነበረብኝ። «ጋሼ፣ ያ የውድድር ቡና ነው፣ ጥቂት ኬሻ ነው» ማለት። አልተናገርኩም። ዋጋው ቢወጣ ኮሚሽኔም ይወጣል ብዬ ዝም አልኩ።

ክረምቱ አለፈ። ጥቅምት ላይ ናሙና ስንልክ ቅምሻው «ጣዕሙ ደክሟል» የሚል ሆኖ ተመለሰ። የባንክ ወለዱ ይቆጥራል፣ አዲሱ ምርት ደርሷል። ከመጀመሪያው ዋጋ ባነሰ ሸጥን። ጋሼ አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ኮሚሽኔን ቆጥረው ሰጡኝ። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ እሱ ነው።

ስለዚህ የሪከርድ ዋጋ ዜና ሲደርሳችሁ፣ ይሄ ቻናል የላከው ቢሆንም፣ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ስንት ኪሎ? ኮንቴይነር የሚሞላ ካልሆነ የገበያ ዋጋ አይደለም። ሁለተኛ፣ ገዢው ለምን ከፈለ? ለስም፣ ለማስታወቂያ፣ ለልግስና ወይስ ቆልቶ ለመሸጥ? ሦስተኛ፣ ከሱ ቀጥሎ ያለው ስንት ተሸጠ? ጨረታን ሰማይ ለማድረስ ሁለት እልኸኛ ይበቃል፤ የእናንተን ሺህ ኬሻ ለመግዛት ግን ሁለት ሰው አይበቃም።

«ሪከርዱ ለአገር ስም ያመጣል» የሚል አለ። ልክ ነው፣ እኔም አምናለሁ። ስም ግን በር ነው የሚከፍተው እንጂ ዋጋ አይቆርጥም።

ከሰዓቱ የምንወስደው ሌላ ነገር ነው፤ ወረቀቱን። ሄንሪ ግሬቭስ የሚባል አሜሪካዊ ባንከር ያሠራው የፓቴክ የኪስ ሰዓት አለ፤ በ1933 ተረከበው። በ1999 በ11 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2014 ደግሞ በ23.2 ሚሊዮን ፍራንክ ተሸጠ። ማን እንዳዘዘው፣ መቼ እንደተረከበው ይታወቃል። ድርጅቱ የድሮ መዝገቡን ይዟል፤ ባለቤት ሲጠይቅ ሰዓቱ መቼ እንደተሠራና መቼ እንደተሸጠ የሚገልጽ ወረቀት አውጥቶ ይሰጣል። ሰብሳቢ ያለ ታሪክ ያለ ሰዓት ሲቀርብለት ዋጋ ይቀንሳል።

የእኛ ቡና እንዴት ነው? እሸቱ ከየትኛው ቀበሌ፣ በየትኛው ቀን ገባ? ስንት ቀን አልጋ ላይ ደረቀ? ዩኒየኖች፣ ይሄን በደብተርም ቢሆን የሚጽፍ ማኅበር ስንት አላችሁ? ውድድር ማሸነፍ የዕድልም ነገር አለበት። መዝገብ መያዝ ግን በእጃችን ነው፤ እሱ የሚያመጣው ጭማሪ ትንሽ ቢሆንም በየዓመቱ ይመጣል።

ጥሩ ዋጋ ካገኛችሁ፣ ክረምት ሳይገባ ሽጡ። መልካም ገበያ።