ጸጸቱ የመራጩ ነው ወይስ የጥያቄው?



በሕዝበ ውሳኔ ድምፁን የሰጠ ሕዝብ ዓመታት ካለፉ በኋላ በምርጫው ይጸጸታል ወይ? ይህ ጥያቄ ሰሞኑን በመኝታ ክፍልም በመምህራን ማረፊያም በሻይ ቤትም ሲያከራክር ሰንብቷል። ክርክሩ የተነሣው ስለ ሩቅ አገር ሳይሆን ስለ ኤርትራ ነው። ይህም ሊያስገርም አይገባም። በአዲ አርቃይ በኩል የሚያልፈው አውራ ጎዳና ከጎንደር ተነሥቶ፣ ደባርቅን አልፎ፣ ሊማሊሞን ወርዶ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ በሽሬና በአክሱም በኩል ወደ አሥመራ ያመራል። የከተማችን ስም እንኳ "አዲ" ብሎ ሲጀምር ቃሉ የትግርኛ ነው። እንግዲህ የምናወራው ስለ ጎረቤት ነው።

በክርክሩ ውስጥ ሁለት ወገኖች አሉ። አንደኛው ወገን "አሁንማ ተጸጽተዋል፤ ስደታቸውን አታዩም እንዴ?" ይላል። ሁለተኛው ደግሞ "ምን ሲደረግ! ዛሬም ቢጠየቁ ያንኑ ይደግሙታል" ባይ ነው። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ባለቤቱን ሳይጠይቁ ስለ ባለቤቱ የመለሱ ናቸው። አቋማችንን ከወዲሁ ግልጽ ለማድረግ፣ አብዛኛውን ጊዜ የመራጭ ጸጸት እየተባለ የሚወራው ነገር መራጩ ምልክት ባደረገበት መልስ ላይ ያደረበት ቅሬታ አይደለም። በወረቀቱ ላይ ሳይጻፍ በቀረው ነገር ላይ ያደረበት ቅሬታ ነው። ስለዚህ የሚወቀስ ካለ ከመላሹ በፊት ጠያቂው ሊወቀስ ይገባል።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ እንጀምር። ኤርትራ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ መሠረት በመስከረም 1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ተዋሐደች። ፌዴሬሽኑ በኅዳር 1955 ዓ.ም. ፈረሰ። ሲመሠረትም ሆነ ሲፈርስ ሕዝቡ በሕዝበ ውሳኔ አልተጠየቀም። 30 ዓመት የፈጀ ጦርነትም ተካሄደ። በመጨረሻ ከሚያዝያ 15 እስከ 17 ቀን 1985 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ታዛቢዎች ባሉበት ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ድምፅ ከሰጠው 1.1 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ 99.8 ከመቶው ኤርትራ ነፃና ሉዓላዊ አገር ትሁን አለ። ትቃወማላችሁ ወይ ለተባለው የመለሱት 1,822 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ኢትዮጵያ ውስጥ ይኖሩ የነበሩም ከ57 ሺህ በላይ ሰዎች ባሉበት ሆነው ድምፅ ሰጥተዋል።

ሁለት ጊዜ ሳይጠየቅ የታለፈ ሕዝብ በሦስተኛው ሲጠየቅ በአንድ ድምፅ ቢመልስ ምኑ ይደንቃል? ይህን ያልን አድራጎቱ ይወደድ ወይም ይጠላ ለማለት አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን "እኛስ መች ተጠየቅን?" የሚል ቅሬታ እንዳላቸው እናውቃለን፤ ቅሬታውም እስከ ዛሬ አልበረደም። የምንለው፣ መላሹ ለቀረበለት ጥያቄ መልስ ሰጠ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። በወረቀቱ ላይ የነበረው ጥያቄ አንድ ነው፤ መልሱም "አዎ" ወይም "አይደለም" ነው። ሁለቱ አገሮች በአንድ ብር ይገበያዩ ወይስ የየራሳቸውን ገንዘብ ያትሙ የሚል አልነበረበትም። ወሰኑ በየት በየት በኩል ያልፋል፣ አሰብ ወደብ እንዴት ይሠራበታል፣ አዲስ አበባ ተወልዶ አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ዜግነቱ ምን ይሆናል የሚሉትም አልተጻፉበትም። እነዚህ ሁሉ "ኋላ ይደረስባቸዋል" ተብለው ታለፉ። ኋላም ተደረሰባቸው! በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ናቅፋ ታተመ፤ ንግዱ ተቃወሰ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ በባድሜ ምክንያት ጦርነት ተጫረ። የአልጀርሱ ስምምነት በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. እስኪፈረም ድረስ ከሁለቱም ወገን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወጣት አለቀ።

ከሁሉም ይበልጥ ልብ የሚነካው ግን የዜግነቱ ጉዳይ ነው። ጦርነቱ ሲጀመር በ1985ቱ ሕዝበ ውሳኔ መመዝገብና መሳተፍ የኤርትራ ዜጋ ለመሆን ማስረጃ ተደርጎ ተቆጠረ። በዚህና በመሳሰለው ምክንያት ዕድሜ ልካቸውን በኢትዮጵያ የኖሩ ሰዎች በአሥር ሺዎች ተባረሩ። ከኤርትራም እንዲሁ ኢትዮጵያውያን በአሥር ሺዎች ንብረታቸውን ጥለው ወጡ። ጉዳዩን የተመለከተው የኤርትራና የኢትዮጵያ የካሣ ኮሚሽን ሄግ ላይ በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ፣ ለሕዝበ ውሳኔው የተመዘገቡት የኤርትራን ዜግነት ማግኘታቸውን ተቀበለ፤ ነገር ግን በዚያ ብቻ ኢትዮጵያዊነታቸው አልተሰረዘም አለ። ከተባረሩትም ከፊሉ በሕግ አግባብ፣ ከፊሉ ደግሞ በዘፈቀደ ዜግነቱን እንደተነጠቀ ወስኗል። ልብ በሉ! ሰውየው የተጠየቀው ስለ ኤርትራ ነፃነት ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ያንኑ ወረቀት "ቤትህ የት ነው?" ለሚል ሌላ ጥያቄ እንደ መለሰ አድርገው ቆጠሩበት።

ይህ ሰው ቢጸጸት ጸጸቱ በምኑ ነው? "ኤርትራ ነፃ ትሁን" በማለቱ ነው? ወይስ ቃሉ ሌላ ቃል ተደርጎ ስለተተረጎመበት?

አንዳንዶች "ስደቱስ?" ይሉናል። መልካም፣ ስደቱንም እንመልከተው። ለማየትም ሩቅ መሄድ የለብንም። በማይ ጸብሪ አካባቢ በማይ ዓይኒና በዓዲ ሐሩሽ መጠለያዎች የነበሩ ኤርትራውያን በጦርነቱ ምክንያት ተነሥተው ዳባት አጠገብ ዓለምዋጭ ሰፍረዋል። ከነሱ መካከል ወጣት የሆነው ሁሉ በ1985 ዓ.ም. አልተወለደም ነበር። ያኔ 18 ዓመት የሞላው መራጭ ዛሬ ሃምሳን አልፏል። ወጣቱን ያሰደደው በ1988 ዓ.ም. ለ18 ወር ተብሎ በአዋጅ የወጣውና ከጦርነቱ ወዲህ ማብቂያ ያጣው ብሔራዊ አገልግሎት ነው። በ1989 ዓ.ም. ጸድቆ ሥራ ላይ ሳይውል የቀረው ሕገ መንግሥትና እስከ ዛሬ ያልተደረገው አገር አቀፍ ምርጫም ለስደቱ ምክንያት ሆነዋል። እነዚህም ቢሆኑ በወረቀቱ ላይ አልነበሩም። በውጭ አገር የሚኖሩና መንግሥታቸውን አጥብቀው የሚቃወሙ ኤርትራውያን ብዙዎቹ ግንቦት 16ን ዛሬም ያከብራሉ። መንግሥትን መቃወም ሌላ፣ በሰጡት ድምፅ መጸጸት ሌላ ነው።

"እንግዲያው አይጸጸቱም ማለት ነዋ!" የሚል ደግሞ ይኖራል። ይህንንም ማለት አንችልም። የግል ጋዜጦች ከ1994 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በተዘጉበት አገር ሰውን በነፃነት ጠይቆ በነፃነት የሚመልስበት መንገድ የለም። ዝም ያለን ሰው "ደስ ብሎታል" ማለትም ሆነ "ተጸጽቷል" ማለት በሌላው አፍ መናገር ነው።

በነፃነት መጠየቅ በሚቻልበትስ ምን ይታያል? እንግሊዞችን እንውሰድ። ሰኔ 16 ቀን 2008 ዓ.ም. ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ያሉት 51.9 ከመቶ፣ እንቆይ ያሉት 48.1 ከመቶ ነበሩ። ጥር 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ወጡ። በዚያ አገር የሕዝብ አስተያየት በየጊዜው ይለካል፤ ባለፉት ዓመታትም "መውጣታችን ስሕተት ነበር" የሚለው ወገን ከግማሽ በላይ ሆኗል። ይህን የሰማ ሰው መራጩ ሁሉ እንደ ተጸጸተ ይቆጥራል። ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው ግን እንውጣ ብለው ድምፅ ከሰጡት አብዛኞቹ ዛሬም በቃላቸው ጸንተዋል። ሚዛኑን ያዛቡት ከቃላቸው የተመለሱት ጥቂቶች ብቻ አይደሉም፤ ያኔ ለመምረጥ ያልደረሱት ወጣቶችም አሉበት። በቃላቸው ከጸኑትም ብዙዎቹ "መውጣቱ ትክክል ነበር፤ አወጣጡ ግን ተበላሸ" ነው የሚሉት። በዚያም ወረቀት ላይ እንውጣ ወይስ እንቆይ እንጂ "እንዴት እንውጣ?" የሚል ጥያቄ አልነበረበትም። የአየርላንድ ወሰን ጉዳይ ብቻውን ዓመታት አናከሳቸው።

በአገራችንም ቢሆን ሕዝበ ውሳኔ አዲስ ነገር አይደለም። ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. በሕገ መንግሥቱ ላይ ድምፅ ሲሰጥ 81 ከመቶው ደገፈ ተባለ። መንግሥቱ ግን ከአራት ዓመት በኋላ ወደቀ። ያንን 81 ከመቶ "ተጸጽተሃል ወይ?" ብሎ የጠየቀው የለም። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሲዳማ ሻፌታና ጎጆ ምልክት ሆነው ቀርበው 98.5 ከመቶው ክልል እንሁን አለ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በወላይታ የተሰጠው ድምፅ ጉድለት ስለተገኘበት በምርጫ ቦርድ ተሰርዞ ሰኔ 12 ቀን እንደገና ተካሄደ። እንደገና መጠየቅ የማይቻል ነገር እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ይህን ሁሉ የምናነሣው ለታሪክ ብቻ ብለን አይደለም። ከጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ወዲህ በአማራና በትግራይ መካከል አወዛጋቢ የሆኑት አካባቢዎች ጉዳይ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ይፈታል ተብሏል፤ የፌዴራሉ መንግሥትም ሕዝበ ውሳኔን እንደ መፍትሔ አንሥቷል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 48 ክልሎቹ መስማማት ካልቻሉ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝብን አሠፋፈርና ፍላጎት መሠረት አድርጎ እንደሚወስን ይደነግጋል። አካባቢዎቹ ከእኛ ሩቅ አይደሉም። በመካከላችንም በጉዳዩ ላይ የተለያየ አቋም ያለው አለ። በዚህ ገጽ "ይህን ምረጡ" ወይም "ሕዝበ ውሳኔ አይደረግ" አንልም። አንድ ቀን ወረቀት ይቀርብ እንደሆነ ግን ከመቅረቡ በፊት ልንጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ እንላለን።

መጀመሪያ፣ ውጤቱ ከታወቀ በማግሥቱ መሬቱ፣ የትምህርት ቋንቋው፣ ጡረታውና ደመወዙ ምን እንደሚሆን መራጩ አስቀድሞ ይነገረው። ቀጥሎ፣ ድምፅ የሚሰጠው ማን እንደሆነ፣ የተፈናቀለውም ሰው የት ሆኖ እንደሚመርጥ ይታወቅ። ሌላው፣ በቁጥር የሚያንሰው ወገን ከቤቱ ሳይነቃነቅ እንዲኖር ዋስትና ይሰጠው። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ማንም ሰው የሰጠው ድምፅ ነገ ከነገ ወዲያ ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብበት በሕግ ይታገድ። የ1990 ዓ.ም. ታሪክ የሚያስተምረን ይኸንን ነው።

"ይኼን ሁሉ ስትደረድሩ ሕዝቡ መቼ ሊወስን ነው?" የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ ለብዙ ዘመን ሳይጠየቅ የኖረን ሰው "ገና ቆይ" ማለት ራሱ በደል ነው። ሆኖም ጥያቄውን አሟልቶ ለማቅረብ የሚፈጀው ወራት ነው። ያልተሟላ ጥያቄ ያመጣው ጣጣ ግን ከአንድ ትውልድ አልፏል።

እኛ ለዚህ ጉዳይ ከሌላው ሰው ይበልጥ ቅርብ ነን። ተመርቀን በየገጠሩ ስንመደብ ትምህርት ቤቱ የምርጫ ጣቢያ፣ መምህሩ የምርጫ አስፈጻሚ ሲሆን እናያለን። ፊደል ያልቆጠሩት አባትና እናት "ልጄ፣ ይኼ ምን ይላል?" ብለው የሚጠይቁት መምህሩን ነው። ያን ጊዜ ምልክቱን ብቻ አሳይቶ "እዚህ ላይ ነው" ማለት አይበቃም። ምን እንደተጠየቁና ምን እንዳልተጠየቁ፣ ወገን ሳይለዩ ማስረዳት ይገባል።

በምዘና ትምህርታችን እውነት ወይም ሐሰት የሚያስብል ጥያቄ ለማውጣት ቀላል፣ ሰውን ለማወቅ ግን ደካማ መሆኑን ተምረናል። ጥያቄው ጎደሎ ሆኖ ክፍሉ በሙሉ ግራ ቢጋባ ተማሪውን አንቀጣም፤ ጥያቄውን እንመረምራለን። ለሕዝብም ይኸው ፍርድ ይገባዋል።

ከዚህ የተለየ ሐሳብ ያላችሁ እጩ መምህራንና መምህራን፣ ጽሑፋችሁን በመጽሐፍት ቤቱ በር አጠገብ ባለው ሣጥን እስከ ዓርብ አስገቡልን። በተለይ "መራጩም ከወቀሳ አያመልጥም" የምትሉ ብትጽፉልን በሚቀጥለው እትም በዚሁ ቦታ እንለጥፈዋለን።

አዘጋጆቹ