የሚያቀረሽ ሕፃን ሁሉ በሽተኛ አይደለም

ሕፃን ልጅ ጠብቶ እንደጨረሰ ከጠባው ወተት ጥቂቱን መልሶ ማውጣቱ በየቤቱ የሚታይ ነገር ነው። በአማርኛ ይህን ቅርሻት እንለዋለን። ቋንቋችን ማቅረሸትን ከማስመለስ መለየቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ የዛሬው ሕክምናም የመጀመሪያ ሥራው ይህንኑ ልዩነት መጠበቅ ነውና። ይሁን እንጂ በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙ፣ በያዩና በቡሬ፣ ዛሬ በቡኖ በደሌ ዞን ሥር በምትገኘው በበደሌም ጭምር፣ እንደ ብዙው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ የሚያቀረሽ ሕፃን ሁለት አደጋዎች ሊጠብቁት ይችላሉ። አንደኛው የእንጥል ቆራጭ ምላጭ ሲሆን ሁለተኛው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ የጨጓራ መድኃኒት ነው። ሁለቱ የተራራቁ ቢመስሉም በአንድ የአስተሳሰብ ስሕተት ላይ የቆሙ ናቸው ብለን እናምናለን። ስሕተቱን ማረምም ከሁሉ በፊት የሳይንስ ተማሪዎች ድርሻ ነው እንላለን።

ወተቱ ለምን ይመለሳል?

የምግብ ቧንቧ ከጨጓራ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንደ ማሰሪያ የሚያገለግል ጡንቻ አለ። ምግብ ሲወርድ ይከፈታል፤ ካለፈ በኋላ ይዘጋል። በጨቅላ ሕፃናት ግን ይህ ማሰሪያ ያለ ጊዜው ደጋግሞ ይላላል። በዚህ ላይ የሕፃኑ ምግብ ሁሉ ፈሳሽ ነው፤ የምግብ ቧንቧው አጭር ነው፤ ሕፃኑም አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ተኝቶ ነው። ስለዚህ ወተቱ ከጨጓራ አሲድ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ላይ መመለሱ የሚያስደንቅ አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት እንዳመለከተው፣ ዕድሜያቸው ከሦስት ወር በታች ከሆኑ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ ያቀረሻሉ። በአራተኛው ወር ቁጥሩ ከመቶ 67 ይደርሳል። ከ10 እስከ 12 ወር ባለው ዕድሜ ግን ከመቶ ወደ 5 ዝቅ ይላል። ሕፃኑ ቁጭ ማለት ሲጀምር፣ ጠጠር ያለ ምግብ ሲቀምስና ጡንቻው ሲበረታ ቅርሻቱ ራሱን ያቆማል ማለት ነው። እያቀረሸ በደንብ የሚጠባ፣ ክብደት የሚጨምርና የሚጫወት ሕፃን በሽተኛ አይደለም።

ጊዜ የፈወሰውን ምላጭ ፈወሰው ማለት

እንጥል በላንቃችን ጫፍ የምትንጠለጠል ትንሽ ሥጋ ናት። ስንውጥ ምግብ ወደ አፍንጫ እንዳይወጣ ከላንቃ ጋር አብራ ታግዛለች። ከጨጓራ በላይ ካለው ማሰሪያ ጋር ግን አንዳች ግንኙነት የላትም። ስለዚህ እሷን መቁረጥ ቅርሻትን የሚያስቆምበት ምንም መንገድ የለም። ግግ እየተባለ ከድድ ላይ የሚነቀለውም ገና ያልበቀለ የወተት ጥርስ እንጂ የትውከትና የተቅማጥ ምንጭ አይደለም። ከሁለቱ የሚተርፈው የደም መፍሰስ፣ ቁስል ማመርቀዝና ቴታነስ ነው። በአንድ ምላጭ ብዙ ሕፃናት ከተቆረጡ ደግሞ በደም የሚተላለፉ እንደ ኤች.አይ.ቪ. ያሉ በሽታዎች ይከተላሉ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችንም በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት በሕፃናት ሕይወትና አካል ላይ ጉዳት ማድረስን በወንጀልነት ደንግጓል።

ታዲያ አስተዋይ የሆኑ አያቶችና እናቶች እንጥል ማስቆረጥ ይጠቅማል ብለው እንዴት አመኑ? መልሱ ከላይ ባየነው አኀዝ ውስጥ አለ። ቅርሻቱ በበረታበት በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ወር ሕፃኑ ይቆረጣል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ቅርሻቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ምስጋናው ለምላጩ ይሆናል። ያልተቆረጠው የጎረቤት ልጅም በዚያው ጊዜ እንደተሻለው ግን ማንም አያስተውልም። ነገሩ ዶሮ ስለጮኸ ነጋ እንደማለት ነው። እናቶቹ ያዩትን አላጡም፤ የጎደላቸው ማነጻጸሪያ ነው።

ሽሮፑስ?

የተማረው የከተማ ቤተሰብ ምላጩን ቢሸሽም ከስሕተቱ አመለጠ ለማለት አይቻልም። አሲድ የሚቀንሱ መድኃኒቶች፣ እንደ ኦሜፕራዞል ያሉት፣ ለአዋቂ የጨጓራ ሕመም የታወቁ በመሆናቸው ለሚያለቅስና ለሚያቀረሽ ሕፃንም ይፈለጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት 162 ሕፃናትን ለሁለት ከፍሎ ለግማሾቹ የዚሁ ቤተሰብ የሆነውን ላንሶፕራዞል፣ ለቀሩት ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ነገር ሰጠ። በአራት ሳምንት ውስጥ ከመድኃኒቱ ወገን ከመቶ 54 ያህሉ ተሻላቸው፤ ከሌላውም ወገን እንዲሁ ከመቶ 54። ከባድ የጤና እክል ግን፣ በተለይም የሳንባና የመተንፈሻ አካል ሕመም፣ መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ በዛ። የጨጓራ አሲድ ጀርሞችን የሚከላከል አንዱ አጥራችን በመሆኑ ያለ ምክንያት ማጥፋቱ ዋጋ ያስከፍላል።

ለሕፃናት ቅርሻት ይሰጥ የነበረው ሲሳፕራይድም የልብ ምትን በማወኩ እ.ኤ.አ. በ2000 ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል። ራኒቲዲን ደግሞ ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚጠረጠር ቅሬት ስለተገኘበት እ.ኤ.አ. በ2020 በዚያው አገር ከገበያ እንዲወጣ ተደርጓል። ይህን ስንል መድኃኒት ፈጽሞ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። አሲዱ የምግብ ቧንቧቸውን ያቆሰለባቸው ጥቂት ሕፃናት አሉ፤ እነርሱን ሐኪም መርምሮ ለተወሰኑ ሳምንታት በመድኃኒት ይረዳቸዋል። ውሳኔው ግን የሐኪም እንጂ የጎረቤት ወይም የመድኃኒት መደብር ደንበኛ አይደለም።

በቤት ምን ይደረግ?

ለአብዛኞቹ ሕፃናት የሚበጀው ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ከማጥባት ጥቂት በጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ማጥባት ይሻላል። ሕፃኑ በመካከልና በመጨረሻ እስኪያገሳ ድረስ ትከሻ ላይ ደገፍ አድርጎ ጀርባውን በቀስታ መታ መታ ማድረግ፣ ከጠባም በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያህል ቀና አድርጎ መያዝ ይረዳል። ወዲያው በአንቀልባ አጥብቆ ማዘል ሆዱን ስለሚጫን ትንሽ መቆየት ይመረጣል። ሲተኛ ግን በጀርባው፣ በሜዳማ መኝታ ላይ ይሁን። በጀርባው ተኝቶ ቢያቀረሽ ይታነቃል የሚለው ስጋት መሠረት የለውም፤ በዚያ አኳኋን የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ስለሚሆን ወተቱ በቀላሉ ወደ እርሱ አይገባም።

እስከ ስድስት ወር ድረስ ከእናት ጡት በቀር ሌላ ነገር አያስፈልግም። ቅቤ ማዋጥ፣ የአብሽ ውሃና የላም ወተት መስጠት ቅርሻቱን አያስቆምም፤ ተቅማጥን ግን ሊጋብዝ ይችላል። ስለ ማርም ለይተን እንናገራለን፤ ኢሉባቦር በደን ማሯ የታወቀች ናትና። ማር ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለው ባክቴሪያ ዘር ሊኖርበት ስለሚችል፣ ዘሩም በሕፃን አንጀት ውስጥ አድጎ ጡንቻን የሚያዝል መርዝ ስለሚያመነጭ፣ አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ ለመላስ ያህል እንኳ አይሰጥም።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

ቅርሻት ያልሆነውን ትውከት መለየትም ግዴታ ነው። አረንጓዴ ትውከት አንጀት መዘጋቱን ሊያመለክት ይችላል። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ገደማ የሚጀምር፣ ተወርውሮ የሚወጣና ሕፃኑን ወዲያው የሚያስርብ ትውከት የጨጓራ መውጫ መጥበብ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ይህም በቀዶ ሕክምና ይድናል። ደም ያለበት ትውከት፣ የሆድ መነፋት፣ መዛል፣ የሽንት መቀነስ፣ ክብደት አለመጨመር፣ የእርግብግቢት መወጠር ወይም መጎድጎድ፣ ከስድስት ወር በኋላ አዲስ የጀመረ ትውከትም እንዲሁ ያሳስባሉ። ትኩሳት ከታከለበት ወባም ሆነ ሌላ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ማደር የለበትም። እንዲህ ያለው ሕፃን በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ፣ ካስፈለገም እንደ መቱ ካርል ወዳለው ሆስፒታል ሳይዘገይ መድረስ ይኖርበታል። እንጥል ሲያስቆርጡ የሚባክነው ቀን ለእርሱ የሕይወት ዋጋ ያለው ቀን ነው።

የእኛ ሐሳብ

በአገራችን ሕፃናት በስድስተኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይከተባሉ። ቅርሻት የሚበረታውም በእነዚሁ ሳምንታትና ከእነርሱ ጥቂት ቆይቶ ነው። እንግዲህ እናቲቱ ስጋት ሲገባት ቀድሞውኑ በጤና ባለሙያ ፊት ተቀምጣለች ማለት ነው። በእያንዳንዱ የክትባት ቀን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ አምስት ደቂቃ ብቻ ስለ ቅርሻት ቢነገራት፣ የልጇ ክብደት ተመዝኖ ማደጉ ቢታያት፣ አደገኞቹ ምልክቶችም ቢነገሯት፣ ምላጩም ሽሮፑም ደንበኛ ያጣሉ። ለዚህ አዲስ ሕንፃም ሆነ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም።

የቀረው ሥራ የእናንተ የአንባብያን ነው። በየከተማው ትምህርት ቤትና በመቱ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ ወጣቶች፣ ማነጻጸሪያ የሌለው ምስክርነት ማስረጃ እንደማይሆን በክፍል ተምራችኋል። ለክረምት ወደየቤታችሁ ስትገቡ የሚያቀረሽ ሕፃን ታገኙ ይሆናል። አያቲቱን አትዝለፏቸው፤ ያደረጉት ሁሉ በፍቅር ነውና። ይልቁንም እንጥላቸው ሳይቆረጥ ያደጉትን የሰፈሩን ልጆች አብራችሁ ቁጠሩ።