ሁለቱን ኮርሶች ለናቃችሁ ባልደረቦቼ

ምህንድስና የምታስተምሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ስጋት ስላደረብኝ ነው። በየዲፓርትመንታችን ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥራቸው ሁለት ኮርሶች አሉ፤ አንዱ ፕሮባቢሊቲና ስታቲስቲክስ፣ ሌላው ኮሙኒኬሽንና የሪፖርት አጻጻፍ። የመጀመሪያውን ለሒሳብ ወይም ለስታቲስቲክስ፣ ሁለተኛውን ለእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል አስረክበን እጃችንን ታጥበናል። ተማሪው ምን ማክበር እንዳለበት ከእኛ ፊት ያነባል፤ እኛ የናቅነውን እሱም ለማለፊያ ያህል አጥንቶ ይረሳዋል። ልብ በሉ፤ እንዲህ ያስመረቅነው መሐንዲስ አንድ ቀን አደጋ መምጣቱን እያወቀ፣ ማስረጃውም በእጁ እያለ፣ የሚወስነውን ሰው ማሳመን አቅቶት ሰው ያልቃል።

ይህ ደግሞ ከዚህ በፊት ሆኗል። ጥር 19 ቀን 1978 ዓ.ም. ማታ፣ አሜሪካ ዩታ ያሉት የሮኬት ሠሪው ኩባንያ የሞርተን ታያኮል መሐንዲሶች፣ ሮጀር ቦይስጆሊን ጨምሮ፣ ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኩራኩር በነጋታው እንዳትመጥቅ ከናሳ ኃላፊዎች ጋር በስልክ ተከራከሩ። የፈሩት ብርዱን ነበር። የሮኬቱን መጋጠሚያዎች የሚያሽገው የጎማ ቀለበት ሲቀዘቅዝ ይደድራል፤ ክፍተቱን ቶሎ መድፈን ያቅተውና ጋዝ ያሾልካል። ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ አትነሣ አሉ። ማስረጃ ተጠየቁ። በችኮላ ያሰናዱት መረጃ ግን በ12 ዲግሪ የተጎዳ ቀለበት መኖሩን፣ በ24 ዲግሪም የተጎዳ መኖሩን ያሳይ ነበር። ታዲያ ጥፋቱ የብርዱ ነው ለማለት ምን ያስደፍራል? ለዚህ ጥያቄ በዓይን የሚታይ መልስ አልቀረበም።

የጎደለውን፣ አደጋው ከደረሰ በኋላ የተሰየመው መርማሪ ኮሚሽን አሳየ። ጉዳት የደረሰባቸውን በረራዎች ብቻ ከደረደርን ከሙቀቱ ጋር ግንኙነት ያላቸው አይመስልም። ጉዳት ያልታየባቸውን ስንጨምር ነገሩ ፍንትው ይላል፤ 19 ዲግሪ ገደማና ከዚያ በላይ ከተደረጉት 20 በረራዎች ጉዳት የታየባቸው 3 ብቻ ሲሆኑ፣ 17 ዲግሪ ገደማና ከዚያ በታች የተደረጉት 4 በረራዎች ግን አራቱም ተጎድተዋል። ምንም ያልሆነ በረራም ማስረጃ ነው። ይህን ለማሳየት አንድ ወረቀትና 24 ነጥቦች ይበቁ ነበር። በክርክሩ ማግሥት ግን ቻሌንጀር ተነሣች፤ በ73ኛው ሰከንድ ተበታተነች፤ ሰባቱም ጠፈርተኞች አለቁ።

የእነዚያን መሐንዲሶች ስም ማጉደፍ አይገባም። እውነቱን ተናግረዋል፤ ተጠያቂዎቹ ሰምተው እንዳልሰሙ የሆኑት አለቆች ናቸው። የእኔ ጥያቄ ለእኛ ለመምህራን ነው። ልምድ ያካበቱት፣ በሙያቸው የተመሰከረላቸው ሰዎች በዚያች ማታ ያን አንድ ሥዕል ካላቀረቡ፣ ስታቲስቲክስን ለፈተና ብቻ የሸመደደው ልጃችን ከየት ያመጣዋል?

እንዲህ ያለው ሐዘን ለእኛም አገር ቅርብ ነው። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የላየን ኤር ቦይንግ 737 ማክስ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ባሕር ላይ ወድቆ 189 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ባለሙያዎች ስሌት ሠሩ፤ አውሮፕላኑን የጣለው ችግር ካልታረመ የማክስ አውሮፕላኖች በአገልግሎት በሚቆዩባቸው ዐሥርተ ዓመታት እስከ 15 የሚደርሱ ገዳይ አደጋዎች ሊከተሉ ይችላሉ የሚል። ይህ በየሁለት ሦስት ዓመቱ አንድ አውሮፕላን ሙሉ ሰው ማለት ነው። ቁጥሩ ግን አውሮፕላኑን ከበረራ አላስቆመውም። አምስት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 1 ቀን፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስ፣ በረራ ኢቲ 302፣ ከቦሌ ተነሥቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አካባቢ ወደቀ፤ 157 ሰው አለቀ። ስሌቱ በአደባባይ የተነገረው ከወራት በኋላ፣ በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ነበር። የጥፋቱ ሁሉ ሥር ይህ ነው አልልም፤ የንግድ ጥድፊያም ቸልተኝነትም አለበት። ነገር ግን ስታቲስቲክሱ ተሠርቶ ነበር፤ ሰው በሚገባው ቋንቋ ጮክ ብሎ የተናገረው አልነበረም።

ወደ ራሳችን የግንባታ ሳይት እንምጣ። ተማሪዎቻችን በየዲዛይናቸው ሲ-25 ኮንክሪት ብለው ይጽፋሉ። ከተመራቂዎቻችሁ አንዱን ጠርታችሁ 25 ምን ማለት እንደሆነ ጠይቁት። አብዛኛው «የኮንክሪቱ ጥንካሬ ነው» ብሎ ያቆማል። ትርጉሙ ግን፣ በ28ኛው ቀን ከሚፈተኑት ኪዩቦች ከ5 በመቶ የማይበልጡት ብቻ ከ25 ሜጋፓስካል በታች ሊወርዱ ይችላሉ ነው። ስለዚህ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 5 ከሆነ፣ ድብልቁ አማካዩ 33 ገደማ እንዲሆን ታስቦ መዘጋጀት አለበት። ይህን ያልያዘ ልጅ የኪዩቦቹ አማካይ 26 ሲመጣለት አልፏል ብሎ ይፈርማል። የያዘውም ቢሆን፣ የሕንፃው ባለቤት «26 ከ25 አይበልጥም ወይ?» ሲለው በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ሁለት ዓረፍተ ነገር መመለስ ካቃተው የኮንክሪት ሙሌቱ ይቀጥላል። ዓመታቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ አስተምረነዋል፤ ፎርማኑም ባለቤቱም ግን በእንግሊዝኛ አይጠይቁትም።

ክፍሉ ሞልቷል እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ከመቶ ሰባውን ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ የመደበው «ሰባ በሠላሳ» ከመጣ ወዲህ አንድ መምህር የእያንዳንዱን ተማሪ ሪፖርት አንብቦ ማረም ከብዶታል፣ የላብ ሪፖርትም ከባች ወደ ባች ሲገለበጥ ይኖራል። ቢሆንም ሃምሳ የተገለበጠ ሪፖርት ከምታርሙ፣ ተማሪዎቹን በቡድን ከፍላችሁ የራሳቸውን ኪዩብ ውጤት በአንድ ገጽ ግራፍ እንዲያቀርቡና ቆመው እንዲከላከሉት ብታደርጉ ጊዜውም ያንሳል፣ መገልበጥም አይቻልም። የስታቲስቲክስ መምህሩን ወደ ላቦራቶሪው ጋብዙት፤ የቋንቋ መምህሯን ዲፌንስ ላይ አስቀምጧት፤ ያልገባትን ስትጠይቅ ተማሪው ያስረዳት። እናንተም በዚህ ዓመት ፋይናል ፕሮጀክት ላይ እያንዳንዱን ተመራቂ «የትኞቹን ናሙናዎች ከስሌቱ አስወጣህ? ለምን?» በሉት፤ መልሱንም በሳይቱ ቋንቋ፣ ለባለቤቱ እንደሚናገር አድርጎ እንዲደግመው ጠይቁት። ካቃተው አታሳልፉት።