ጅብ የተባለው ጎረቤት

አንባብያን ሆይ፤ የካውቦይ ፊልም ሲባል ፈረስ፣ ሽጉጥና አቧራ ትዝ ይላችኋል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው «ቦን ቶማሃውክ» ግን በዚህ አያበቃም። ኤስ ክሬግ ዛህለር ጽፎ ባዘጋጀው በዚህ ፊልም ኩርት ራስል የአንዲት ትንሽ ከተማ ሸሪፍ ነው። የዋሻ ሰው በላዎች በሌሊት መጥተው ሰዎች ይወስዳሉ፤ ሸሪፉ፣ ሽማግሌ ረዳቱ፣ እግሩ የተሰበረ ባልና አንድ ተኳሽ ፍለጋ ይወጣሉ። ዋሻው ከተደረሰ በኋላ የሚታየው ዕርድ ነውና ልጆች ይዛችሁ አትግቡ።

የአራቱ ሰዎች መውጣት ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ገጠር ኡኡታ እየሰማ ከቤቱ የማይወጣ ጎረቤት ያፍራል። ፊልሙ በዚህ ያስመሰግናል።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። ሰው በላዎቹ ስም የላቸውም፤ ቋንቋም የላቸውም። የአገሩ ነባር ተወላጅ የሆነ አንድ ሰው እንኳ «የኛ ወገን አይደሉም» ይላል። ስለዚህ ሲገደሉ ማንም አያዝንላቸውም።

ይህን ተረት እኛ ያለ ካሜራ ስንሠራው ኖረናል። ብረት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ ናቸው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» ስንል ኖረናል። ገበሬው በቀጥቃጩ ማረሻ በቆሎውንና በርበሬውን ያርሳል፤ ባለቤቱም በሸክላ ሠሪዋ ምጣድ እንጀራ ትጋግራለች፤ ልጃቸውን ግን ለነዚህ ሰዎች ልጅ አይድሩም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ሐሜቱ ፈጽሞ አልሞተም።

ጉዳቱም የፊልም ጉዳት አይደለም። ሕፃን ትኩሳት ሲይዘው «የበላው ዓይን ነው» ከተባለ፣ ወደ ሐኪም የሚሄድበት ሰዓት በከንቱ ያልፋል፤ የተጠረጠረችውም ሴት በገዛ መንደሯ ባይተዋር ትሆናለች። በሲኒማ የተገደለው ተዋናይ ተነሥቶ እራቱን ይበላል፤ ጅብ የተባለው ጎረቤት ግን ስሙን ይዞ ይኖራል፤ ለልጆቹም ያወርሳል።

እንግዲህ አንባብያን፤ ፊልሙን የምትችሉ እዩት። ልጅ ቢታመምባችሁ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት እንጂ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ቤት አትጠቁሙ። በሚመጣው የገበያ ቀንም ጀበና ስትገዙ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የሠራችውን ሴት ስም ጠይቁ።